ጅቡ ታዲያ ምን በላ?

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አዲስ አበባ እዚህ ጋ ቀስ እያለች ታልቃለች። ከመጨረሻዎቹ ብሎኮች ጀርባ እርሻ አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ጋራው ነው። ማታ መብራት ሲጠፋና የጎረቤት ቴሌቪዥን ሁሉ ዝም ሲል ጅብ ይሰማል። በተለይ የበዓል ሰሞን፣ ኮሙናሉ (የነዋሪው የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ጋ የታረደው በሬ አጥንትና ፈርስ በደንብ ሳይነሳ ካደረ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ይመጣል።

ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ኮሙናል ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች መጽሐፍ አነባለሁ። ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ምንጣፍ እናነጥፋለን፤ አንዳንዴ አሥር፣ አንዳንዴ ሃያ አምስት ልጅ ይመጣል። ግማሾቹ የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸው ዕጣ ደርሷቸው ወይም ተከራይተው ከመሐል ከተማ የመጡ። ሌሎቹ ከአጥሩ ወዲያ ካሉት የገበሬ ቤቶች ነው የሚመጡት። ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው፣ አማርኛውን ከኛዎቹ ጋር ኳስ ሲራገጡ ለመዱት።

አንድ ቅዳሜ የጅብና የአህያ ጓደኝነትን የሚተርክ መጽሐፍ አነበብኩላቸው። ሥዕሉ ያምራል። ጅቡ መጀመሪያ ያስፈራል፣ አህያዋ ትሸሻለች፣ ከዚያ ጅቡ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፣ እሷ በገመድ ጎትታ ታወጣዋለች፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለቱ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ተኝተዋል። መጽሐፉን ስከድነው አንድ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ጅቡ ታዲያ ራት ምን በላ?"

"ሣር" አልኩት። ቸኩዬ ነበር።

ከኋላ ከተቀመጡት አንዷ "ዋራቤሳ ሣር አይበላም" አለች። ዋራቤሳ በኦሮምኛ ጅብ ማለት ነው። ቀጥላም የነሱን አህያ ጅብ እንዴት እንደበላባቸው ነገረችን፤ አባቷ ጠዋት ሲወጣ ያገኘው ገመዱንና ትንሽ ቆዳ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውኃውን የምታመላልሰው እናቷ ናት። ልጆቹ ዝም አሉ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

በማግስቱ የአንዱ ልጅ እናት ደረጃ ላይ አገኘችኝ። "እህቴ፣ ደግ ሥራ ነው የምትሠሪው፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን ልጄን ጅብ ጓደኛ ነው ብለሽ እንዳታስለምጂብኝ። እዚህ ጅቡ በር ላይ ነው" አለችኝ። ፈርታ ነበር። ደግሞ እውነቷን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚህን መጻሕፍት በሌላ ዓይን ነው የማያቸው። የማይመሳሰሉ እንስሳት ጓደኛ ሲሆኑ የሚያሳዩ የሥዕል መጻሕፍት አሁን በብዛት አሉ፤ ዝሆንና አይጥ፣ ድመትና ወፍ፣ ተኩላና በግ። ገሚሱ ከውጭ በዕርዳታ የሚመጣ እንግሊዝኛ ነው፣ ገሚሱ ትርጉም፣ የተወሰነው እዚሁ የተጻፈ። አካሄዳቸው ይመሳሰላል። መጀመሪያ ፍርሃት፣ ከዚያ አደጋ፣ ከዚያ አንዱ ሌላውን ማዳን፣ መጨረሻ ላይ መተቃቀፍ። ወላጅ ይወዳቸዋል፣ መምህር ይወዳቸዋል፣ እኔም እወዳቸዋለሁ።

ለምን እንደምንወዳቸው ግልጽ ነው። ልጅ ፊት ሊወራ የሚከብድ ነገር አለ። ቋንቋ፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ያለውና የሌለው። ባለፉት ዓመታት አገራችን ያየችውን ካየን በኋላ ለአምስት ዓመት ልጅ "እነሱ" እና "እኛ" የሚባለውን ነገር ከየት ጀምሮ ማስረዳት እንደሚቻል ማን ያውቃል? ስለዚህ ዝሆንና አይጥ እናመጣለን። ዝሆን ብሔር የለውም፣ አይጥም የላትም። ሁሉም እፎይ ብሎ ያነባል።

ይሄ የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያለ የሕፃናት መጻሕፍት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡትን መጻሕፍት በዋና ገጸ ባሕርይ ሲቆጥር፣ 27 በመቶው ዋና ባለታሪካቸው እንስሳ ወይም ሌላ ሰው ያልሆነ ነገር ነበር። ጥቁር ልጅ ዋና የሆነባቸው 10 በመቶ ብቻ። ስለ ልዩነት ሰው አስቀምጦ ከማውራት ድብ አስቀምጦ ማውራት በየትም አገር ይቀላል።

ችግሩ፣ ልጆቹ ድቡን አልፈው እኛ ወዳሰብነው ነገር መሻገራቸው እርግጠኛ አለመሆኑ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ተመራማሪዎች ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ለሆኑ ልጆች ስለ ማካፈል የሚያስተምር ታሪክ አነበቡላቸው። ለአንዱ ቡድን ባለታሪኮቹ ልብስ የለበሱ እንስሳት ናቸው፤ ለሌላው ቡድን ታሪኩ ያው ሆኖ ባለታሪኮቹ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ልጆቹ ስቲከር ተሰጥቷቸው ከፈለጉ ለሌላ ልጅ እንዲያካፍሉ ተጠየቁ። ከንባቡ በኋላ ይበልጥ ያካፈሉት የሰዎቹን ታሪክ የሰሙት ናቸው። የእንስሳቱን የሰሙት አልጨመሩም። ከነሱም ውስጥ ቢሆን የተሻለ ያካፈሉት እንስሳቱን እንደ ሰው የቆጠሩት ልጆች ነበሩ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ እንስሳት እንደ ሰው ሲያወሩና ሲያስቡ የሚያሳይ መጽሐፍ የተነበበላቸው ልጆች እውነተኛውም እንስሳ እንደዚያ ያስባል ወደሚል እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። የደረጃዋ እናት ይሄን ጥናት አላነበበችም፣ ግን ነገሩን ታውቀዋለች።

ታዲያ እንስሳውን እንተወው? በፍጹም። እንስሳው ሙሉ በሙሉ ሰው ከሆነ እኮ ችግር የለም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን የምናውቃት ፀሐይ ቀጭኔ ናት፣ ግን ልጅ ናት፤ ትጠይቃለች፣ ትማራለች፣ ቤት አላት። ቀጭኔ ስለሆነች ምን ትበላለች ብሎ የሚጨነቅ ልጅ አላየሁም። የሚያስቸግረው ግማሽ ግማሽ የሆነው ነው። አህያና ጅብ ብለህ ስትጀምር ፍርሃቱን ከእውነተኛው ጅብ ትበደራለህ። ታሪኩ የሚይዘው ጅቡ አህያ ስለሚበላ ነው። ከዚያ መሐል ላይ ስትደርስ መብላቱን ትሰርዘዋለህ። ልጁ ግን አልረሳውም። የተበደርከውን እንድትመልስ ይጠይቅሃል፦ ጅቡ ታዲያ ምን በላ?

የኛ የድሮ ተረቶች ይሄን አይረሱም። አራቱ እንስሳት በድርቅ ጊዜ ተሰብስበው ኃጢአታቸውን ሲናዘዙ የሚያሳየውን ሁላችንም ሰምተነዋል። አንበሳው የሰው ከብት በላሁ ይላል፣ ነብሩ ፍየል በላሁ ይላል፣ አያ ጅቦም የበላውን ይናገራል፣ ሁሉም ይቅር ይባባላሉ። አህያ ጌታዬ ዞር ሲል ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር ነጨሁ ስትል፣ ይሄ ሁሉ መዓት የመጣው ባንቺ ነው ብለው ይበሏታል። ስለ ሥልጣን ከዚህ የጠራ ትምህርት ለልጅ የሚሰጥ ታሪክ አላውቅም። አንድ የማደንቀው ነገር ደግሞ፣ አማርኛ ጅብን "አያ" ይላል። ለታላቅ ወንድም የሚሰጥ ቃል ነው። ጦጣዋ "እመት ጦጢት" ናት። በተረታችን ውስጥ ሁሉም ዘመድ ነው፣ ዘመድ ሆኖም ይፈራል፣ ይበላል፣ ይታለላል። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን እነዚህን እንስሳት እንዲህ ነበር የለመድናቸው፤ ተንኮላቸውም ረሃባቸውም ሳይቀነስ። ተረት ነጋሪ ሲጨርስ እንኳ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ነው የሚለው። ከሆድ አይርቅም።

ሆድ የሚለውን ቃል አስቡት። አማርኛ ምግቡንም ስሜቱንም እዚያው ነው ያስቀመጠው። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ለሆድ ተነጋገርን፣ ሆደ ሰፊ ነው። የሚወዱትን ልጅ "ሆዴ" ይሉታል። በዚህ ቋንቋ ስለ ጓደኝነት ሲጻፍ ሆድን መዝለል የሚቻል አይመስለኝም። የድሮ ተረቶች የጎደላቸው ጓደኝነቱ ነው። ማን እንደሚበላህ በደንብ ይነግሩሃል፤ ከማትመስለው ጋር እንዴት እንደምትኖር ብዙም አይነግሩህም። አዲሶቹ መጻሕፍት ደግሞ መኖሩን ይነግሩሃል፣ መበላቱን ይደብቁሃል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ መጽሐፍ ነው የምፈልገው።

ለነገሩ ከየትም መፍጠር አያስፈልግም፣ እውነተኛው ዓለም ውስጥ አለ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የጉማሬውንና የኤሊውን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ፣ የሕንድ ውቅያኖሱ ሱናሚ በመታ ጊዜ፣ ኬንያ ማሊንዲ አጠገብ አንድ የጉማሬ ግልገል ብቻውን ባሕር ላይ ቀርቶ ተገኘ። 270 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ግን ሕፃን ነው። ሰዎች በመረብ ይዘው ሞምባሳ ወዳለ የእንስሳት መጠበቂያ ወሰዱት። እዚያ 130 ዓመት ገደማ የሚባልለት ምዜ የተባለ ግዙፍ ኤሊ ነበር፤ ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው። ኦወን የተባለው ግልገል ሄዶ ከኤሊው ጀርባ ተደበቀ። ኤሊው መጀመሪያ ሸሸው። ኦወን አልተወውም፣ ቀስ በቀስ አብረው መብላት፣ አብረው መተኛት ጀመሩ። ፎቶግራፋቸው በዓለም ዞረ፣ የልጆች መጽሐፍም ሆነ።

ይሄን ታሪክ ለልጆቹ ስነግራቸው ያ ልጅ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ ምን በሉ? በዚህ ጊዜ መልስ ነበረኝ። ሁለቱም ሣርና ቅጠል ይበላሉ። ደስ አለው፣ አመነኝ። ያልጠበቁት መጨረሻውን ነው። ኦወን አደገ። ጉማሬ ሲጫወት ይገፋል፣ ይነክሳል፣ ለኤሊ ደግሞ ያ ጨዋታ ሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ ለያዩዋቸው፤ ኦወንም ክሊዮ ወደምትባል ሴት ጉማሬ ተወሰደ። ይሄን ልንገራቸው አልንገራቸው ብዬ አስቤበት ነበር። ነገርኳቸው። አንዲት ልጅ "ተጣልተው ነው?" አለች። "አይ፣ አልተጣሉም" አልኳት። ብዙ ካሰበች በኋላ "እኛም ከፒያሳ ስንመጣ ከጓደኛዬ ጋር አልተጣላንም" አለች። ከስንት መተቃቀፍ በላይ ያቺን ልጅ የነካት ይሄ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የኛው ነው፣ እስካሁን በአማርኛ የሥዕል መጽሐፍ ሆኖ አላየሁትም፤ ያንገበግበኛል። ሰሜን ሸዋ መንዝ፣ ጓሳ ላይ ነው። እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ አሉ፣ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኙ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ያነሰ ነው የቀረው። ጭላዳ ሣር ይግጣል፣ ቀበሮው አይጥ ያድናል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጭላዳዎች ሜዳው ላይ ሲግጡ ቀበሮው በመሐላቸው ይገባል። አይሮጥም። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ እንደ እንግዳ። እነሱም አይሸሹም። ውሻ ቢመጣ እኮ ወደ ገደሉ ነው የሚፈተለኩት። የሚገርመው፣ ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ለመያዝ ከሞከረው የሚሳካለት 25 በመቶ ሲሆን በጭላዳዎቹ መሐል ሲሆን ግን 67 በመቶ ነው። ሲግጡ አይጦቹን እየረበሹ ከጉድጓድ ያስወጧቸው ይሆናል፣ ወይም አይጦቹ ቀበሮውን በዚያ ሁሉ ዝንጀሮ መሐል አይለዩትም ይሆናል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

ቀበሮው የጭላዳ ግልገል መብላት ይችላል። አጠገቡ ነው፣ ከአይጥም ይተልቃል። ግን አይነካም። አንድ ጊዜ ብቻ አንዱ ቀበሮ ግልገል ሲነጥቅ ታይቷል። ጭላዳዎቹ ተነሱበት፣ ግልገሉን አስጣሉት፣ አባረሩት፣ ተመልሶ መሐላቸው እንዳይገባም ከለከሉት።

ለኔ ይሄ የተሟላ የልጆች መጽሐፍ ነው። አስፈሪው አስፈሪ ሆኖ ይቀራል፣ ሣር አይበላም፣ ብርድ ልብስ አይለብስም። የሚበላው አለው። እዚያ መቆየቱ ደግሞ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ልጆቻችንን አትንካ። ያን ያፈረሰ ይወጣል። ጓደኝነት ነው ወይ ብትሉኝ፣ ተመራማሪ አይለውም። ልጆቹ ግን ወዲያው ገባቸው። የኮንዶሚኒየሙ ልጆችና ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ልጆች ኳስ ሲጫወቱም እንዲሁ ነው፤ ኳሱን የወሰደ በሚቀጥለው ቀን አይገባም።

ሐረር ላይም ሰውና ጅብ ዘመናትን በዚህ ዓይነት ኖረዋል። በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ ሌሊት ገብቶ የተጣለውን ይበላል፣ ከተማውን ያጸዳል፣ የሚመግበውም ሰው አለ። አገሬው ጅቡን ቪጋን ሊያደርገው አልሞከረም። አበላው።

ስለ አህያችን ገዳይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ልጅቷ ስለ አህያቸው ከነገረችን በኋላ ብዙ ፈልጌ ያገኘሁት ነው። ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ ተሰብስቦ በውስጡ ያለው ፀጉር ተለይቶ ነበር፤ ጅብ የበላውን ማወቂያው እሱ ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው በ15 በመቶ ገደማው ውስጥ ነው። በጾሙ 55 ቀናት 33 በመቶ ገባ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 በመቶ ወረደ። ሰው ሥጋ ሲያቆም እርድ ይቀራል፣ ወደ ውጭ የሚጣለው አጥንትና ፈርስ ይጠፋል፣ ጅቡ ወደ አህያ ይዞራል። የኛ ጾም ለጅቡም ጾም ሆኖበት ነው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ይሄን ስነግራት ልጅቷ ጣቷን ቆጠረችና "የኛም በጾም ነው" አለች።

ታዲያ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለምን አይኖረንም? ጸሐፊና ሠዓሊ ጠፍቶ አይደለም። የኅትመቱ ሒሳብ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ሁለቱም ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል፣ ስለዚህ የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 32 ገጽ ነው። ባለ ቀለም ሲሆን ለወረቀቱ ለእያንዳንዱ ፊት፣ ለአራቱ ቀለም አራት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይወጣል። ያ ወጪ 500 ቅጂ ብታሳትምም 5,000 ብታሳትምም ያው ነው። ብዙ ማሳተም ካልቻልክ አንዱ ቅጂ እሳት ይሆናል። ወረቀቱና ቀለሙ ከውጭ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ልጆች የሚያነቡት መጽሐፍ ላይ ይሄ ሁሉ አርፏል። እዚህ ሰፈር አንድ እናት ለልጇ ከደብተር አልፋ ባለ ቀለም ተረት ግዢ ማለት ይከብደኛል።

ያለው መውጫ በነጻ የሚገኘው ነው። የአፍሪካ ተረት መጻሕፍትን በነጻ የሚያወጣ፣ ከደቡብ አፍሪካ የተነሳ ፕሮጀክት አለ፣ አፍሪካን ስቶሪቡክ ይባላል፤ አማርኛም ኦሮምኛም አለው፣ ማውረድም መቀየርም ይፈቅዳል። የሕንዱ ስቶሪዊቨርም እንደዚያው ነው። እኔ ከስልክ አውርጄ ፕሪንት አስደርጌ አነባለሁ። ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ልጆቹ ራሳቸው ቀለም ይቀቡታል። አንዱ ጥቅሙ ያንኑ ታሪክ በሁለት ቋንቋ አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ማንበብ መቻሉ ነው። እኔ አማርኛውን አነባለሁ፣ አንዷ ትልቅ ልጅ ኦሮምኛውን ታነባለች። ያን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ የሚመጡት ወደ ፊት ተጠግተው ይቀመጣሉ።

በትርጉሞቹ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የሚመጡት እንስሳት ድብና ፔንግዊን ናቸው። ልጆቼ ድብ አያውቁም። ድብ ምን እንደሚበላ፣ ማንን እንደሚያስፈራ አያውቁም፤ ስለዚህ ድቡ ደግ ሲሆን ምንም አልተለወጠባቸውም። ያየሁት ነገር ቢኖር፣ አጥራቸው ላይ የሚያዩት እንስሳ ሲገባ ነው ተነስተው የሚቆሙት።

አሁን የራሳችንን እየሠራን ነው። ባለ 16 ገጽ፣ ጅብና አህያ፣ የካ አባዶ ውስጥ። ሥዕሉን ልጆቹ ይሥላሉ፣ ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ አብረን እንጽፋለን። ጅቡ የሚኖረው ከጋራው ነው፣ ማታ ወደ ኮሙናሉ መጥቶ አጥንት ይበላል፣ አህያዋ ከአጥሩ ውስጥ ሆና ታወራዋለች። አጥሩ የት ይሁን በሚለው ሁለት ቅዳሜ ተከራክረው በመጨረሻ ያቺ አህያ የተበላባት ልጅ ናት የሣለችው፣ ከአህያዋ ራስ ከፍ አድርጋ፣ ጆሮዋ ብቻ እንዲታይ። ገጽ 11 ላይ ዐቢይ ጾም ይገባል። ኮሙናሉ ተዘግቷል፣ አጥንት የለም። ልጁ አሁንም ጅቡ ምን በላ እያለ ነው፣ እሷ ደግሞ መጀመሪያ አጥሩ በሾህ ይጠጋገን ትላለች፣ ሌላው ከየቤቱ ፍርፋሪ እንሰብስብለት ይላል፣ እናቶቹም ገብተውበታል። ገጹ እስካሁን ባዶ ነው።